ትልቁ ጥቁር ጉንዳን እና ዘመዶቹ፦ ማንን ከማን እንለይ?

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ቤት ያለው ሐበሻ በጸደይ ወራት ይህን እንግዳ አያጣም። ኩሽና ውስጥ፣ መታጠቢያ ቤት ወይም በረንዳ ላይ አንድ ትልቅ ጥቁር ጉንዳን ብቻውን ሲንጎራደድ ይታያል። ፎቶ ይነሳና የቤተሰብ ግሩፕ ላይ ይለጠፋል። አንዱ «ምስጥ ነው፣ ቤትህ አለቀልህ» ይላል። ሌላው «ተራ ጉንዳን ነው፣ ርገጠውና ተኛ» ይላል። ሁለቱም አላገኙትም።

አብዛኛውን ጊዜ ይህ ጉንዳን አናጢ ጉንዳን የሚባለው ነው። የሳይንስ ስሙ ካምፖኖተስ ፔንሲልቫኒከስ ነው። በ1773 ለሳይንስ ያስተዋወቀው ስዊድናዊው የነፍሳት ተመራማሪ ቻርልስ ደ ጌር ነው። የሚኖረው በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ አጋማሽ ነው። ከካናዳ ደቡብ ምሥራቅ እስከ ፍሎሪዳ፣ በምዕራብ በኩል ደግሞ እስከ ቴክሳስና ዳኮታዎቹ ድረስ ይገኛል።

«አብዛኛውን ጊዜ» ያልኩት ዘመዶቹ ብዙ ስለሆኑ ነው። ካምፖኖተስ የሚባለው ወገን በዓለም ዙሪያ ከ1,000 በላይ ዝርያዎች አሉት። አገር ቤትም ሞልቷል። አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ደግሞ ወደ 50 የሚጠጉ አሉ። አንዳንዶቹ ቤት ይበሳሉ። አንዳንዶቹ አፈር ውስጥ ኖረው ቤትዎን ዞር ብለው አያዩትም። ስለዚህ ማንነቱን ማወቅ የመጽሐፍ ዕውቀት ብቻ አይደለም። ግድግዳ ከማስፈረስዎ በፊት የሚጠቅም ነገር ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ቀለም ነው። እኔ ግን ቀለምን ወደ መጨረሻ እገፋዋለሁ። ለምን እንደሆነ እየሄድን ይታያል።

ምስጥ አለመሆኑን መለየት

ይህ ቀላሉ ክፍል ስለሆነ ቶሎ እንለፈው። ጉንዳን ወገቡ ቀጭን ነው። ምስጥ ወገብ የለውም፤ ከደረት እስከ ሆድ አንድ ወጥ ነው። የጉንዳን አንቴና መሃሉ ላይ እንደ ክርን ይታጠፋል። የምስጥ አንቴና ቀጥ ያለና ዶቃ የተሰካበት ክር የሚመስል ነው። ክንፍ ያላቸው ከሆኑ ክንፋቸውን እዩ። የጉንዳን የፊት ክንፍ ከኋላው ይረዝማል። የምስጥ አራቱም ክንፎች እኩል ናቸው። ለዚህ ማጉያ መነጽርም አያስፈልግም። የስልክ ካሜራ ይበቃል።

አናጢ ጉንዳን ነው ወይስ ሌላ?

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ትልቅነት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የፔንሲልቫኒከስ ሠራተኞች ርዝመት በግምት ከ6 እስከ 13 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ከአንድ ጎጆ የወጡ እህትማማቾች ሆነው አንዷ የሌላዋን እጥፍ ልታክል ትችላለች። ትንሿ ራሷ ጠበብ ያለ ነው። ትልቋ ደግሞ ራሷ ሰፊ፣ መንጋጋዋም ጠንካራ ነው። ሁለት ዓይነት ጉንዳን ገባብን ብሎ የሚደነግጥ ሰው ብዙውን ጊዜ ያየው እነዚህን እህትማማቾች ነው።

ስለዚህ ከመጠኑ ይልቅ ቅርጹን እንይ። መጀመሪያ ወገቡ። የአናጢ ጉንዳን ወገብ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ አንድ ጉብታ ብቻ አለ። ሁለት ጉብታ ካያችሁ ካምፖኖተስ አይደለም። የእግረኛ መንገድ ስንጥቅ ውስጥ አፈር እየቆለሉ የሚኖሩት ጥቃቅን ቡናማ ጉንዳኖች፣ ቴትራሞሪየም የሚባሉት፣ ሁለት ጉብታ አላቸው። ደግሞም ርዝመታቸው ከ3 ሚሊ ሜትር ብዙም አያልፍም።

ቀጥሎ ጀርባው። ጉንዳኑን ከጎን እዩት። ከአንገቱ እስከ ወገቡ ያለው የደረቱ ጀርባ ያልተቋረጠ ቅስት ከሆነ አናጢ ጉንዳን የመሆኑ ዕድል ትልቅ ነው። መሃሉ ላይ ጎድጎድ ብሎ እንደገና ከፍ ካለ ግን ሌላ ነው። ምናልባትም ፎርሚካ የሚባለው ወገን ነው።

ፎርሚካን ጠንቅቆ ማወቅ ያስፈልጋል፤ በጣም የሚያደናግረው እሱ ነውና። እሱም ትልቅ ነው፣ ጥቁር ወይም ቀይና ጥቁር ይሆናል፣ ወገቡም አንድ ጉብታ ነው። ሣር ላይና ዛፍ ላይ በጠራራ ፀሐይ እየተጣደፈ ሲሮጥ የምታዩት ብዙውን ጊዜ እሱ ነው። ከጀርባው ጎድጓዳ ሌላ ሁለት ምልክቶች አሉ። የፎርሚካ ሠራተኛ ግንባሯ ላይ፣ ከሁለቱ ትልልቅ ዓይኖች በላይ፣ ሦስት ጥቃቅን ነጥብ መሳይ ዓይኖች አሏት። የአናጢ ጉንዳን ሠራተኛ እነዚህ የሏትም። (ንግሥቷና ወንዶቹ ግን አሏቸው። ስለዚህ ክንፍ ያለው ወይም ክንፉ የረገፈ ጉንዳን ላይ ይህን ምልክት አትጠቀሙ።) ሁለተኛው ምልክት የአንቴናው መነሻ ነው። በፎርሚካ አንቴናው የሚበቅለው ከአፍ በላይ ባለችው ጠፍጣፋ የፊት ሰሌዳ ጠርዝ ላይ ነው። በካምፖኖተስ ግን ከሰሌዳዋ ራቅ ብሎ ወደ ላይ ይነሳል። ይህን ለማየት ማጉያ መነጽር ያስፈልጋል። አሥር እጥፍ የምታጎላ ትንሽ መነጽር ብዙ ዋጋ የላትም፤ አንዴ ከገዟት ቅማንቅሙን ሁሉ ስታሳይ ትኖራለች።

ሁለቱም ወገኖች አይናደፉም። መርፌ የላቸውም። ይነክሳሉ፣ ከዚያ ከሆዳቸው ጫፍ ካለች ክብ ቀዳዳ ፎርሚክ አሲድ ይረጫሉ። ቁስሉ ላይ ሲያርፍ ያቃጥላል። ስለዚህ «ነከሰኝ እኮ» የሚለው ማስረጃ ማንነታቸውን አይለይም።

ሆዱ ላይ ያለው ፀጉር

አሁን ካምፖኖተስ መሆኑን አረጋገጥን እንበል። ፔንሲልቫኒከስን ከቅርብ ዘመዶቹ የሚለየው ምንድን ነው? ፀጉሩ ነው። ሆዱን፣ ማለትም ከወገቡ በኋላ ያለውን እንቁላል መሳይ ክፍል፣ ከላይ እዩት። ገጹ ደብዛዛ ጥቁር ነው፤ አያብረቀርቅም። በላዩ ላይ ግን የተኙ፣ ረዘም ያሉ፣ ፈዛዛ ቢጫ ፀጉሮች አሉ። የአንዱ ጫፍ በሌላው መነሻ ላይ እስኪደርብ ድረስ ረጅም ናቸው። በዚህ ምክንያት ብርሃን ሲያርፍበት ሆዱ ወርቃማ ወይም አመድማ አቧራ የተነሰነሰበት ይመስላል። ሌላው ገላው፣ ራሱ፣ ደረቱ፣ ሁሉም ጥቁር ነው። እግሩ ትንሽ ወደ ቡና ዓይነት ሊያደላ ይችላል።

ይህችን ምልክት አንዴ በደንብ ያየ ሰው ቀጣዩን ከአንድ ሜትር ርቀት ይለየዋል። መጽሐፍ ላይ ካሉት የመለያ ዝርዝሮች ሁሉ ይበልጥ የምተማመንባት እሷን ነው።

አሁን ወደ ዘመዶቹ። ምሥራቅ አሜሪካ ውስጥ ሦስት ቀይ ቀለም የሚገባባቸው አሉ፤ ሰው የሚያደባልቃቸውም እነሱን ነው።

የመጀመሪያው ክሮማዮዴስ ነው። ይህ ጉንዳን ቀለሙን ከቀየርክለት ራሱ ፔንሲልቫኒከስ ነው ማለት ይቻላል። ያው ረጅም የተኛ ፀጉር አለው፤ እንዲያውም ወርቃማነቱ ይበልጥ የጎላ ነው። ነገር ግን የደረቱ የኋላ ክፍል፣ ወገቡ፣ እግሮቹና የሆዱ መነሻ ቀይ ቡኒ ናቸው። ራሱና የሆዱ ጫፍ ጥቁር ነው። ስሙ አንድ ታሪክ አለው። የዴንማርኩ የነፍሳት ሊቅ ፋብሪሲየስ በ1798 ፌሩጂኒያ ብሎት ነበር። ችግሩ ያ ስም ቀድሞ ለሌላ ጉንዳን ተሰጥቶ መገኘቱ ነው። በሥነ እንስሳት ሕግ ደግሞ አንድ ስም ለሁለት አይሆንም። እንግሊዛዊው የጉንዳን ተመራማሪ ባሪ ቦልተን በ1995 አዲሱን ስም ሰጠው። የቆዩ መጻሕፍትና የድሮ የሙዚየም ካርዶች ላይ ፌሩጂኒየስ የሚል ካገኛችሁ ያው እሱ ነው።

ሁለተኛው ኖቬቦራሴንሲስ ነው። የኒው ዮርኩ የነፍሳት ሊቅ አሳ ፊች በ1855 የገለጸው። የዚህ ደረት በሙሉ ቀይ ነው፤ ፊቱም ኋላውም። ራሱና ሆዱ ጥቁር ናቸው። በዓይን ብቻ ሲታይ ከክሮማዮዴስ ጋር ይምታታል። ሆዱን ስታዩ ግን ነገሩ ያበቃል። ኖቬቦራሴንሲስ ሆዱ ያብረቀርቃል፤ ፀጉሩም አጭርና የተበታተነ ነው፤ አይደራረብም። ወርቃማ አቧራ የለም። አካባቢውም ሰሜን ነው። ሚኒያፖሊስ ያላችሁ ታዩታላችሁ፤ አትላንታ ያላችሁ ግን ቀይ ነገር ካያችሁ መጀመሪያ ክሮማዮዴስን አስቡ።

ሦስተኛው ኸርኩሊያነስ ነው። የሕያዋን ስም አወጣጥ አባት የሚባለው ስዊድናዊው ሊኒየስ ራሱ በ1758 ስም ካወጣላቸው ጉንዳኖች አንዱ ነው። የብርድ አገር ጉንዳን ነው። ከአላስካ እስከ ካናዳ ምሥራቅ፣ በሮኪ ተራሮች ከፍታ ላይ፣ ከዚያም ውቅያኖሱን ተሻግሮ በሰሜን አውሮፓና በሳይቤሪያ ጫካዎች ይኖራል። ስዊድን ወይም ኖርዌይ ያላችሁ ጫካ ውስጥ የምታዩት ትልቅ ጉንዳን እሱ ሊሆን ይችላል። ደረቱ ጥቁር ቀይ ነው፤ አንዳንዴ ቀይነቱ ከመጥቆሩ የተነሳ አይታይም። ፀጉሩ እንደ ኖቬቦራሴንሲስ አጭር ነው፤ ገላው ግን ደብዛዛ እንጂ አንጸባራቂ አይደለም።

ለምን ቀለም ወደ ኋላ ይሁን እንዳልኩ አሁን ግልጽ ይመስለኛል። ካደገችበት ልባስ ገና የወጣች ወጣት ሠራተኛ ቀለሟ ስላልበሰለ ቀላ ትላለች። የጥቁሩ ዝርያ ልጅ ሆና ሳለ ለጥቂት ቀናት «ቀይ» ትመስላለች። የስልክ ካሜራ ፍላሽም ጥቁሩን ቡኒ ያደርገዋል። የፀጉር ርዝመት ግን በፍላሽ አይቀየርም።

ምዕራብ፣ ደቡብና አፈር ውስጥ ያሉት

ሲያትል ያሉ ወገኖች እስካሁን ያልኩት ብዙም አይጠቅማቸውም። እዚያ ፔንሲልቫኒከስ የለም። ቦታውን የያዘው ሞዶክ ነው። አሜሪካዊው የጉንዳን ተመራማሪ ዊልያም ሞርተን ዊለር በ1910 ገለጸው። ጥቁር ደብዛዛ ነው፣ እግሮቹ ግን ጥቁር ቀይ ናቸው፤ የሆዱ ፀጉር ከምሥራቁ ያጠረ ነው። በዋሽንግተን ስቴትና በኦሪገን ቤት በመብሳት ስሙ የሚነሳው ዋናው እሱ ነው። አጠገቡ ቪሲነስ የሚባል ደረቱ ቀይ የሆነ ዘመድ አለ፤ እሱም ቤት ይገባል። ስለዚህ ፎቶ ይዛችሁ ሰው ስትጠይቁ ከተማችሁን ካልነገራችሁ መልሱ ግማሽ ነው። ሞዶክና ፔንሲልቫኒከስን ለመለየት ከሁሉ የሚቀድመው ማስረጃ ቦታው ነው።

ፍሎሪዳ ደግሞ የራሷ ዓለም ናት። እዚያ ፍሎሪዳነስ የሚባለው ሞልቷል፦ ራሱና ደረቱ ብርቱካናማ ቀይ፣ ሆዱ ጥቁር፣ እግሩ ሁሉ በቆሙ ፀጉሮች የተሸፈነ። በሳይንስ ዓለም ታዋቂ ነው። በ2010 ሙሉ የዘር መረጃቸው ከታተመላቸው የመጀመሪያዎቹ ጉንዳኖች አንዱ ነበር። በ2024 ደግሞ ተመራማሪዎች አንድ የሚያስገርም ነገር አሳተሙ። ጓደኛቸው ጭኗ ላይ ስትቆስል እግሩን ከመነሻው ቆርጠው ይጥሉላታል። ቁስሉ ከጉልበት በታች ከሆነ ግን አይቆርጡም፤ እየላሱ ያጸዱላታል። ይህን ማንነቱን ለመለየት አትጠቀሙበትም፤ ሳልነግራችሁ ማለፍ ግን አልቻልኩም።

ከዚያ አፈር ውስጥ የሚኖሩት አሉ። ካስታኒየስ ከእግር እስከ ራስ ቢጫ ቡኒና አንጸባራቂ ነው። በሌሊት ይወጣል። አሜሪካነስ እሱኑ ይመስላል፤ ራሱ ግን ጠቆር ያለ ነው። ሁለቱም ትልልቅ ስለሆኑ ያስደነግጣሉ። ነገር ግን ጎጇቸው መሬት ውስጥ ነው፣ ከድንጋይ ወይም ከበሰበሰ ግንድ ሥር። ኩሽና ከገቡ መንገድ ስተው ወይም ጣፋጭ ሸቷቸው ነው። ለእነሱ ብሎ ግድግዳ የሚበሳ ሰው ገንዘቡን ይጥላል።

ትንሹ ዘመድ ኒያርክቲከስ ነው። ጥቁር አንጸባራቂ፣ ከሌሎቹ በጣም ያነሰ፣ በደረቀ ቅርንጫፍና በዛፍ ቅርፊት ሥር የሚኖር። እሱንና የቅርብ እህቶቹን የሚለያቸው ከአፍ በላይ ያለችው የፊት ሰሌዳ ናት። የታችኛው ጠርዟ መሃል ላይ ትንሽ ጥርብ (ወደ ውስጥ የገባች ቁርጥ) አለባት። በፔንሲልቫኒከስ ይህ ጥርብ የለም። እንዲህ ዓይነቱን ያለ ጥሩ መነጽር አትሞክሩት።

ስሙን ማወቅ ምን ይጠቅማል?

አናጢ ጉንዳን እንጨት አይበላም። ይህን ደጋግሜ ብናገር አይሰለቸኝም። ምስጥ እንጨት ይበላል። አናጢ ጉንዳን ግን ለመኖሪያ ይቦረቡረዋል፤ ፍርፋሪውንም አውጥቶ ይጥላል። የሚበላው ሌሎች ነፍሳትን፣ እንዲሁም ተክል ላይ ያሉ ክሽክሽ የሚባሉ ጥቃቅን ነፍሳት የሚያፈሱትን ጣፋጭ ፈሳሽ ነው። አንጀቱ ዙሪያ ባሉ ሴሎች ውስጥም ብሎክማኒያ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ከምግቡ የጎደሉትን የፕሮቲን ንጥረ ነገሮች እነሱ ያሟሉለታል። ማርና ስኳር ላይ እየዋለ የሚበረታው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ መስኮት ሥር ወይም ቤዝመንት ውስጥ ሸካራ ሰጋቱራ የመሰለ ክምር ካገኛችሁ ጠጋ ብላችሁ እዩ። በውስጡ የነፍሳት እግር፣ ራስና ክንፍ ስብርባሪ ካለበት የአናጢ ጉንዳን ቆሻሻ ነው። እንጨቱ ውስጥ ያለው መንገዱም ንጹሕና ለስላሳ ነው፤ የተላገ ይመስላል። የምስጥ መንገድ ግን በጭቃ የተለሰነ ነው።

ሌላው ቁም ነገር እርጥበት ነው። ንግሥቷ ያለችበት ዋና ጎጆ እርጥበት ይፈልጋል፤ እንቁላሎቹና ጨቅላ እጮቹ ደረቅ ቦታ አይችሉም። ስለዚህ የሚጀምረው ከበሰበሰ ግንድ፣ ከሚያፈስ መስኮት ጣውላ፣ ቅጠል ከደፈነው አሸንዳ ሥር ካለ የጣሪያ ጠርዝ ነው። መንጋው ሲያድግ ደግሞ ቅርንጫፍ ጎጆዎች ይከፍታል። እነዚህ ደረቅ ቦታ ላይም ይሆናሉ፣ ግድግዳ ውስጥ፣ የሙቀት መከላከያ ፎም ውስጥ። እዚያ ሠራተኞችና ከፍ ያሉ እጮች ይገኛሉ፤ ንግሥቷ ግን የለችም። ቤት ውስጥ ያለውን መርዝ ረጭቶ የጨረሰ ሰው በወሩ ጉንዳኑ ተመልሶ የሚመጣበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ዋናው ጎጆ ጓሮ ያለው የሞተ ዛፍ ውስጥ ሆኖ ሊሆን ይችላል።

ወቅቱም ይናገራል። ክንፍ ያላቸው ንግሥቶችና ወንዶች የሚያድጉት በሞቃቱ ወራት መጨረሻ ነው። የብርዱን ወራት ጎጆ ውስጥ አሳልፈው በጸደይ ይበርራሉ። በሚያዝያ ወይም በግንቦት አንድ ክንፍ ያለው ጉንዳን በመስኮት ቢገባ ብዙ አያስጨንቅም። በየካቲት፣ ውጭ በረዶ እያለ፣ ሳሎን መስኮት ላይ ብዙ ክንፍ ያላቸው ሲሰበሰቡ ግን ጎጆው ከቤቱ ውስጥ መሆኑን ገምቱ።

ጎጆውን ለማግኘት ማታ ውጡ። ፔንሲልቫኒከስ በአብዛኛው የሌሊት ሠራተኛ ነው፤ ፀሐይ ከገባች በኋላ በአንድ መስመር ሲመላለስ ይገኛል። ቀይ ፕላስቲክ የሸፈናችሁበት የእጅ ባትሪ ያዙ፤ ቀይ ብርሃን ብዙም አይረብሻቸውም። ትንሽ ማር ጠብ አድርጉና የጠገበችውን ወደ ቤቷ ተከተሉ።

ባለሙያ ለመጠየቅ ከፈለጋችሁ ሦስት ፎቶ አንሱ። አንዱ ከጎን፣ የጀርባው ቅስትና የወገቡ ጉብታ እንዲታይ። አንዱ ከላይ፣ የሆዱ ፀጉር እንዲታይ። አንዱ ፊቱን ከፊት ለፊት። ጉንዳኑ ስለሚሮጥ ለጥቂት ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ በትንሽ ዕቃ አስቀምጡት፤ ይፈዛል፣ ከዚያ ይነቃል። ከቻላችሁ ትልቅ ራስ ያላትን ሠራተኛ ምረጡ፤ ምልክቶቹ በእሷ ላይ ይጎላሉ። ማነጻጸሪያ ለሚፈልግ የካሊፎርኒያ የሳይንስ አካዳሚ የሚያስተዳድረው አንትዌብ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ የብዙ ዝርያዎች የፊት፣ የጎንና የላይ ፎቶ በነጻ ይገኛል። ያላችሁ አንዲት ትንሽ ሠራተኛ ብቻ ከሆነች፣ ፎቶውም ደብዘዝ ካለ፣ «ካምፖኖተስ ነው» የሚል መልስ ብቻ ቢሰጣችሁ ባለሙያው ሰነፈ አትበሉ። ከዚያ በላይ የሚለው ሰው እየገመተ ነው።